«ድምፁ አለ» አልኳቸው

የጡረታ ሽኝቴን ቪዲዮ የሰጡኝ በፍላሽ ነው። ጥፍር የምታክል ፍላሽ። የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ መነጽሬን አደረግሁና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካኋት። መጀመሪያ አዳራሹ መጣ። ከዚያ ኬኩ። ከዚያ እኔ፣ ትከሻው የሰፋኝን ኮት ለብሼ። ከዚያ አንዲት ሴት ማይክ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ቀኝ እጇ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማታል። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ግን ዘፈን ነው! ከበሮና ኪቦርድ ያለው፣ ለሠርግም ለምርቃትም ለልደትም የሚጭኑት ዘፈን።

ድምፁን ጨመርኩ፤ ዘፈን። ወደ ኋላ መለስኩት፤ ያው ዘፈን። ደሜ ፈላ። ቪዲዮውን የሠራውን ሰውዬ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ የሰዎቹ ንግግር የታለ?»

«ጋሼ፣ አዳራሹ ያስተጋባ ነበር፤ ማይኩም ይጮህ ነበር። ለዚያ ነው ዘፈን የጫንኩበት። አላማረዎትም?»

«ዋናውስ? መጀመሪያ የቀረጽከው?»

«እሱንማ አጥፍቼ ካርዱን ለሌላ ሥራ ተጠቀምኩበት። ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

ችግር አለ እንዴ ይለኛል! አፌ ላይ የመጣው ስድብ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ግን ዋጥ አደረግሁትና ስልኩን ዘጋሁ። ምክንያቱም በዚህ ከተማ ይህን ሰው ለመስደብ መብት የሌለው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እሱ ያደረገውን እኔ ከእሱ በፊት፣ ከእሱም በከፋ መንገድ፣ በሰው ላይ አድርጌዋለሁ። እስኪ ከመጀመሪያው ላውራው፤ ካልሆነ ንዴቱ ይገድለኛል።

ሥራ የጀመርኩት ገርጂ፣ ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ነው። ጋሽ ንጉሤ በአንዲት ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ዴክ ማለት ያ የቪዲዮ ካሴት የሚያጫውተው ትልቅ ሣጥን ነው። ካሴትም ይገለብጡ ነበር፤ ከአንዱ ዴክ ወደ ሌላው። ቁጡ ናቸው። ሻያቸው ውስጥ ስኳር ካነሰ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። ካሴት ሊነኩ ሲሉ ግን እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ አሽትተው ነው።

ሰው ካሴት ይዞ ሲመጣ ሰላምታ ሳይጨርሱ ከእጁ ይቀበሉና አዙረው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በጥፍራቸው ቀጭ ያደርጓታል። እሷ ከተሰበረች ዴኩ በዚያ ካሴት ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም። ደንበኛው ይደነግጣል፤ «ምኑን ሰበሩብኝ?» ይላል።

«ከእኔ እጅ ነው ያዳንኩልህ» ይሉታል። «ሰው ነኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ማዳመጫው ነው። ትልቅ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ ነበራቸው፤ ስፖንጁ አልቆ ባለቤታቸው በጨርቅ የሰፉለት። ካሴት ሲገለብጡ እሱን ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት። ተኝተዋል ብዬ አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ወጣ ስል «የት ትሄዳለህ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ጋሼ፣ ምስሉ ደህና ነው እኮ፤ አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ምስሉንማ ማንም ያይልሃል። ምስል ሲበላሽ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውቃል። ድምፅ ግን ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። የሚጠብቀው ከሌለ መጥፋቱን እንኳ የሚነግርህ የለም።»

ሌላ ጊዜ እኔ እየሰማሁ ሳለ ማዳመጫውን ለአምስት ደቂቃ አውልቄ አገኙኝ። አልጮሁም። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሱና አስቀመጡኝ፤ የማላውቃቸውን ሰዎች የልጅ ክርስትና ከሀ እስከ ፐ በድጋሚ አዳመጥኩ። ያን ቀን የረገምኳቸውን እርግማን እግዜር አይቁጠርብኝ።

መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ኮንቴይነሩ ሲነሳ ጋሽ ንጉሤም ብዙ አልቆዩም። ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ማዳመጫውን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ለአንተ ነው ያለው» አሉኝ።

ቦሌ የገባሁት ያኔ ነው።

ቦሌ በዚያ ዘመን ምን ላድርግህ የምትል ነበረች! የግንባታ ባህር ዛፍ ያልቆመበት ግቢ የለም። ዛሬ ጉድጓድ የነበረው በዓመቱ መስታወት ለብሶ ታገኘዋለህ። በየቤቱ አዲስ ቴሌቪዥን እየገባ፣ ዴኩ ወደ ዕቃ ቤት እየተጣለ፣ ሰው ሁሉ የሠርጉን ካሴት ታቅፎ «ዲቪዲ አድርጉልኝ» ይላል። እኔ የተቀጠርኩበት ስቱዲዮ አንድ መስታወት ሕንጻ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ባለቤቱ ቢንያም ይባላል፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ ሽቶው ከእሱ በፊት ደረጃ ይወጣል። ደሞዙ ከገርጂው ይሻል ነበር፤ ስለ ደሞዝ ሌላ አልልም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከዴኩ መውጫ ወደ ዲቪዲ መቅጃው መግቢያ ሦስት ገመድ ይሄዳል። ቢጫው ምስል ነው። ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው። ዴኩ ላይ ካሴቱን ታጫውታለህ፣ መቅጃው ላይ ባዶ ዲስክ ታስገባለህ፣ ሁለቱን እኩል ታስነሳለህ። ሲያልቅ ዲስኩን ትዘጋዋለህ፤ ካልዘጋኸው ሌላ ማጫወቻ ላይ አይነሳም። በቃ፣ ይኸው ነው። አቋራጭ የለውም። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን እንዴት ያለ መከራ ነበር! «ታች መኪና አቁሜያለሁ፤ ቶሎ በልልኝ» ይሉሃል። የሃያ ዓመት ትዳር ያለበትን ካሴት መኪና እስኪያሞቁ ድረስ!

በመጀመሪያው ሳምንት ቢንያም ከኋላዬ መጣና ነጩንና ቀዩን ገመድ ከዴኩ ላይ ነቀላቸው። ወስዶ ዘፈን የሚያጫውተው ማሽን ላይ ሰካቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ጋሽ ደረጀ፣ ደንበኛ ጩኸት አይፈልግም። ሕፃን ያለቅሳል፣ ወጥ ቤት ይጯጯሃሉ፣ ሽማግሌው ያስላሉ። ዘፈን ጫንበት፤ ያምራል፤ አንተም ቁጭ ብለህ ማዳመጥ አይጠበቅብህም። አራቱን ማሽን እኩል ታሠራለህ።»

እንግዲህ ይህን ነው ሥልጣኔ የሚሉት። አራት ቴሌቪዥን በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤ አራት ሙሽራ፣ አራት እናት፣ ሁሉም አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፣ አንድም ሰው አይሰማቸውም። የሚያስሉት ሽማግሌ እኮ የሰው አባት ናቸው! ከሞቱ በኋላ ያቺን ሳል ለመስማት ልጃቸው ምን ይሰጥ ነበር? ለቢንያም ተናገርኩ። አንድ ሳምንት ተከራከርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስተኛው የጋሽ ንጉሤን ማዳመጫ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። ሰው ይለምዳል፤ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ለመድኩት።

ሌላም ነገር ነበር። ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ አንድ ትልቅ ካርቶን ተቀምጧል፤ «የድሮ ካሴትዎን እኛ እናስወግድልዎ» የሚል ተለጥፎበታል። ሰው ዲስኩን ተቀብሎ ካሴቱን ካርቶኑ ውስጥ ይጥላል። ሲሞላ ቆራሌው ይመጣና ይዞት ይሄዳል።

አባባ ፈይሳ የመጡት በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጫማቸው ላይ የአያት ጭቃ አለ። ካሴቱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የያዙት። እንግዳ ተቀባይዋን አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ማሽኑን የምትነካው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ለአንተ ልንገርህ።» ተቀመጡ። አማርኛቸው የኦሮሞ ገበሬ አማርኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃሉን እየመዘነ የሚያስቀምጥ። «እኛ አያት ጀርባ ገበሬዎች ነበርን። አሁን ቤት ተሠርቶበታል፤ ሰፈራችን የብሎክ ቁጥር ሆኗል። ይሄ የትልቋ ልጄ ሠርግ ነው፣ በግቢያችን። ባለቤቴ ጫልቱ ልጇን ትመርቃታለች። እኛ ኤባ እንለዋለን። እናት ሳትመርቃት ልጅ ከቤት አትወጣም። ጫልቱ በዓመቱ ሞተች።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ትንሿ ሌንሴ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። የእናቷን ድምፅ አታውቀውም። የእሷ ሠርግ በሁለት ሳምንቱ ነው። 'ምንም አልፈልግም፣ እናቴ ትመርቀኝ' አለችኝ። ከየት ላምጣት? ከዚህ ነው የማመጣት።» ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ሌላው ይቅር። ጭፈራው ይቅር። ምስሉም ቢደበዝዝ ይቅር። እሷ የምትናገርበት ቦታ ላይ ድምፁ ይውጣልኝ።»

«አይዞዎት አባባ፣ በእኔ ይሁንብዎት» አልኩ። በእኔ ይሁንብዎት!

ካሴቱ ሻጋታ ይዞት ነበር። ነጭ ነጭ ነገር እንደ ዱቄት የክሩ ጥቅል ላይ ተኝቷል። እንዲሁ ብትከተው ዴኩንም ይበክላል፣ ክሩንም ይበጥሳል። እጄን ታጠብኩ። ብሎኖቹን ፈትቼ ከፈትኩት፤ በጥጥና በአልኮል፣ በጣቴ እያዞርኩ፣ ክንድ በክንድ ጠረግሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቢንያም ሁለቴ መጥቶ ሰዓቱን አየ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ከዚያ ነጩንና ቀዩን ገመድ ከዘፈኑ ማሽን ነቅዬ ወደ ቦታቸው፣ ወደ ዴኩ መለስኳቸው። ማዳመጫውን ከግድግዳው አወረድኩ።

ሰማኋትም። የምድጃ ጭስ የጠገበ ጎርናና ድምፅ ነው፤ ጥድፊያ የለውም። አንድ ሐረግ ትላለች፣ ሰዎቹ አሜን ይላሉ። ደግሞ አንድ ሐረግ፣ አሜን። እኔ ገርጂ ያደግሁ ሰው፣ ኦሮምኛ አልሰማም፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ጸጉሬ ቆመ። ከዚያች ቀን በኋላ ያንን ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የሰማ ሰው የለም። የመጨረሻው ሰሚ እኔ ነኝ፤ ያውም ቋንቋው የማይገባኝ።

ምርቃቱ አልቆ ጭፈራው ሲጀመር መብራት ሄደ። መቅጃው እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደበት ዲስኩ ይሞታል። ሕንጻው መስታወት ነው፣ ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ጄኔሬተሩ ግን ለሊፍቱ ብቻ ነው! ለሁለተኛ ፎቅ ሊፍት! ዲስኩን ጣልኩት። መብራት ሲመጣ ቀኑ መሽቷል፣ አራት ደንበኛ ቆሞ ይነጫነጫል። የቸኮለ የአንድ ሠርግ ካሴት ነበር፤ ነጩንና ቀዩን ወደ ዘፈኑ መልሼ እሱን ሠራሁ።

በማግሥቱ የአባባ ፈይሳን ካሴት መልሼ ከተትኩት። አዲስ ዲስክ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ምስሉ መጣ፤ ጥርት ያለ ምስል። ማዳመጫውን ቀና ብዬ አየሁት። ሚስማሩ ላይ ነው። «ትናንት ሰምቼዋለሁ» አልኩ ለራሴ። እንዲህ ብዬ ወደ ሌሎቹ ሦስት ማሽኖች ዞርኩ። ነጩና ቀዩ ዘፈኑ ላይ እንደተሰኩ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

አባባ ፈይሳ በቀጠሯቸው መጡ። እንግዳ መቀበያው ላይ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ዲስኩን አስነሳሁላቸው። ቢንያም በር ላይ ያቆመው ስፒከር እንደ ልማዱ ዘፈን ያንባርቃል፤ ዘፈን በዘፈን ላይ ሆኖ የትኛው ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ጫልቱ ብቅ ስትል ሽማግሌው ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ድምፁ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባባ።»

ሳላጣራ ነው። አለ አልኳቸው።

ካሴቱን አንስተው «ይሄንንስ?» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል? ማጫወቻም የለዎት፤ ሁሉም ዲስኩ ላይ ገብቷል።»

ካሴቱን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ እንደ ሰው ጀርባ፣ ካርቶኑ ውስጥ በቀስታ አኖሩት። ሠርጉ ላይ ካልመጣህ እቀየምሃለሁ ብለውኝ ሄዱ።

ሄድኩ። አያት፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ድንኳን ተጥሏል። አባባ ፈይሳ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ፤ «የጫልቱን ድምፅ ያወጣልን ሰው ነው» እያሉ ለሁሉም ያስተዋውቁኛል። በበግ ሥጋና በቢራ ተከበርኩ። ሙሽሪት ልትወጣ ስትል ቴሌቪዥን አምጥተው በቢራ ሣጥን ላይ አቆሙ። ሌንሴ በቬሏ ፊት ለፊቱ ቆመች። አንድም ጊዜ ሳታየው ነው የጠበቀችው፤ በዚህች ሰዓት ልትሰማው። ድንኳኑ ጸጥ አለ፤ ሕፃናቱ እንኳ።

ጫልቱ ወጣች። እጇን አነሳች። አፏን ከፈተች። ዘፈን።

መጀመሪያ ያልገባቸው ነበሩ። ከኋላ ያሉት ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አንዷ እልል አለች። የጫልቱ እጅ ከፍ ዝቅ ሲል በዘፈኑ የምትጨፍር ትመስላለች። አባባ ፈይሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ጆሯቸውን ሰጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው። ያንን ፊት ዛሬም አየዋለሁ። ሌንሴ ግን ቀጥ ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«ምን አለች?»

የቢራ ብርጭቆዬን መሬት ላይ አኖርኩ።

«እርስዎ ሰምተዋታል አይደል? እናቴ ምን አለች?»

ተነስቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነጩንና ቀዩን ገመድ መዠረጥኳቸው። ዘፈኑ ቆመ። ጫልቱ በዝምታ ትናገራለች፤ በቪዲዮው ያሉት ሰዎች በዝምታ አሜን ይላሉ። ያኔ አንዲት አሮጊት ከድንኳኑ ጥግ ተነሱ። እማማ ድንቄ ይባላሉ፤ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ በቪዲዮውም ላይ ከጫልቱ ጎን ወተት ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። የጫልቱን አፍ እያዩ በኦሮምኛ ጀመሩ፣ አንድ ሽማግሌ ለእኔ ይተረጉሙልኛል፤ «ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ»፤ እግዜር ይባርክሽ። ድንኳኑ አሜን አለ። ደጅሽ እግር አይጣ። አሜን። የወጣሽበትን በር አትርሺ። አሜን። ከዚያ ቆሙ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም» አሉ። «እኔ ወተቱ እንዳይፈስ ነበር የማየው።»

ጫልቱ ግን ገና አልጨረሰችም። ረጅም ጊዜ ተናገረች። ማንም የሚከተላት አልነበረም። ሌንሴ እስከ መጨረሻው ቆማ የእናቷን ከንፈር አየች፣ ከዚያ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ስቱዲዮው እስኪከፈት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ካርቶኑ ባዶ ነው። ቅዳሜ ቆራሌው ወስዶታል።

«ምነው ጋሼ፣ አንድ ሠርግ ነው እኮ» አለኝ ቢንያም። «ዲስኩን በነፃ ደግመህ ስጣቸው።»

«ምኑን ነው የምደግመው? ምኑን?»

ሕንጻው እስኪሰማ ጮህኩበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር፤ መጮህ የነበረብኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ማዳመጫዬን ከሚስማሩ አውርጄ ወጣሁ። ቀጥታ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ካሴት ሞልቷል! ፕላስቲኩን ለብቻ ሰባብረው ይሸጡታል፤ ክሩ በየመሬቱ ተጎልጉሎ ሰው ይረግጠዋል። የስንቱ እናት እንደሆነ ማን ያውቃል። የአባባ ፈይሳን ግን አላገኘሁም።

ሁለት ሽማግሌ ይዤ አያት ሄድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አባባ ፈይሳ አነሱኝ። «አጥፍተሃል። ማጥፋትህን አውቀሃል። በቃ» አሉ። ሌንሴ ከጓዳ አልወጣችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ለአንድ ዓመት ያህል ሥራም አልያዝኩ፤ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ እየጠገንኩ ኖርኩ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ሌንሴ ነበረች። ሲኤምሲ በአንድ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች፤ ትምህርት ቤቱ የድምፅና የቪዲዮ ባለሙያ ይፈልጋል።

«ለዳይሬክተሯ ነግሬያታለሁ» አለችኝ። «'ይሄ ሰው ከእንግዲህ የማንንም ድምፅ አያጠፋም' ብያታለሁ። አላሳፍርሽም ይበሉኝ።»

እስከ ጡረታዬ እዚያ ሠራሁ። የወላጆች በዓል፣ የልጆች ቲያትር፣ የምረቃ ቀን፤ ሁሉንም ማዳመጫውን ደፍቼ። ዳይሬክተሮች ተለዋወጡ፤ ሁሉም አንድ ቀን ይመጡና «ጋሽ ደረጀ፣ ዘፈን ብትጭንበት አያምርም?» ይላሉ። «እኔን ቅበሩኝና ጫኑበት» እላለሁ። ክፉ ሽማግሌ ነው ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ!

ሌንሴ እሑድ እሑድ የድሮ ጎረቤቶቿን ስትፈልግ ትውል ነበር። አንዱ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ እዚሁ የካ አባዶ። አንድ ደብተር አላት። ምን እንደምትጽፍበት አልጠየቅኋትም፤ አፍ አልነበረኝም።

ሽኝቴ ላይ ማይክ ይዛ የተነሳችው ሴት እሷ ናት። ወደ እኔ ዞራ «ለጋሽ ደረጀ ስጦታ አለኝ» አለችና በኦሮምኛ ቀጠለች። ማይኩ ይጮሃል፣ አዳራሹ ያስተጋባል፣ የእኔም ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም። በሥራ ዘመኔ በለመድኳት ጥቂት ኦሮምኛ ቃላቱን ለቀም ለቀም አደረግሁ እንጂ ሙሉውን አልያዝኩም። ቪዲዮው ሲመጣ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፣ የማይገባኝንም አስተረጉማለሁ ብዬ ነበር። ቪዲዮው መጣ።

ቪዲዮውን ከሠራው ሰውዬ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ለሌንሴ እስክደውል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ያን ጥያቄ እኮ እሷ ጠይቃኝ መልስ አጥቼላታለሁ።

«ሌንሴ፣ የሽኝቱ ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?»

«እንዴ፣ አልሰሙኝም?»

«ቪዲዮው ላይ ዘፈን ጫኑበት።»

«እናቴን ነው ያልኩዎት ጋሼ» አለች። «ኤባውን። እማማ ድንቄ ካቆሙበት ጀምሮ አንዱ አንድ ሐረግ፣ ሌላዋ አንድ ሐረግ እያዋጡ ሰጡኝ። ዘንድሮ ነው የሞላው። መጀመሪያ ያልኩት ለእርስዎ ነው።»

ማልቀሴን እንዳትሰማ ስልኩን ከአፌ አራቅሁት። እሷ ግን ሳቀች።

«እኔ እኮ አለሁ፣ አልሞትኩም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እደግምልዎታለሁ።»

ቅዳሜ መጣች። መስኮቱን ዘጋሁ። ማቀዝቀዣው ስለሚያጉረመርም ሶኬቱን ነቀልኩት። ማይኩን ፊቷ አቆምኩ፣ ገመዱን መቅረጫው ላይ ሰካሁ፣ የጋሽ ንጉሤን ማዳመጫ ደፋሁ። ሌንሴ ደብተሯን ዘጋችው፤ በቃሏ ታውቀዋለች። እጇን አነሳችና ቆም አለች።

«ድምፁ አለ?» አለችኝ።

«እስኪ አንዴ ተናገሪ» አልኳት።

ተናገረች። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋት።

«አለ» አልኳት።